ጥሩምባ ያልተነፋላቸው ጋሽ ይርዳው

ጋሽ ይርዳው የሞቱ ለታ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ጥሩምባ አልተነፋም። ዕድሜ ልካቸውን ለሌላው ሲነፉ የኖሩ የእድር ለፋፊ፣ የሰፈሩን ሟች ሁሉ በስሙ ጠርተው የሸኙ ሰው፣ የራሳቸው ሞት ሳይለፈፍ ቀረ። የማያውቅ ሰው ቢሰማ "ምን ዓይነት ጨካኝ እድር ነው?" ይል ይሆናል። እድሩ አልጨከነም። ሰበቡ እኔ ነኝ። ደግሞም ቀብራቸው ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሰው አልችል ብሎ ከአጥር ውጭ የቆመው ይበዛ ነበር። ያለ ጥሩምባ ያ ሁሉ ሰው ከየት መጣ ያላችሁ እንደሆነ፣ ረጋ በሉና ስሙኝ።

የሺ እባላለሁ፤ የመብራት ሠራተኛ ነኝ። አዲስ ቤት ሲሠራ መስመር እዘረጋለሁ፣ አሮጌው ሲቃጠል እቀይራለሁ። ትውልዴ ከሞላሌ ወረድ ብሎ ካለ ገጠር ነው። ሙያውን ደብረ ብርሃን ተምሬ፣ እዚያው ለአንድ ተቋራጭ ስሠራ ቆየሁና "ለሰው ከመልፋት ለራሴ" ብዬ መሐል ሜዳ ሱቅ ከፈትኩ። አለቃዬ ስሰናበተው ሳቀብኝ። "መንዝ ብርድ እንጂ ሥራ የለም፤ ክረምቱ ሳይገባ ትመለሻለሽ" አለኝ። ይቺ ቃል አንገበገበችኝ። እልኸኛ ነኝ፤ እናቴ "አንቺ ልጅ፣ እልህሽን ቀቅለሽ ብትበዪው ዓመት ያደርስሻል" ትለኝ ነበር።

ከዚያ ደንበኛ ፍለጋ ተያያዝኩት። ካርድ አሳተምኩ፤ የሚያብረቀርቅ፣ አምፖል የተሳለበት። መናኸሪያ ቆሜ አደልኩ። መሥሪያ ቤት ለመሥሪያ ቤት ዞርኩ። ቤት የሚያሠራ ሰው ካየሁ ጭቃውን ረግጬ ግንበኛው አጠገብ ድረስ ሄጄ እሰጣለሁ። ሰውም አይነቅፍም፣ በሁለት እጁ ይቀበልና "የማን ልጅ ነሽ?" ይለኛል። እነግረዋለሁ። "አይ፣ አላወቅኳቸውም" ይላል። አለቀ ደቀቀ። ሥራውን ለአክስቱ ልጅ፣ ወይ አንድ ጊዜ ሶኬት ሲፈታ ላየው ጎረቤት ይሰጣል። ሴትነቴም አለ። አንዱ ዓይኔን እያየ "እቴ፣ መሰላል ስትወጪ ማን ሊይዝልሽ ነው?" አለኝ። "መሬቱ" አልኩት። ሥራውንም አልሰጠኝ፤ እኔም ምላሴን አልተውኩ።

ከሱቄ አጠገብ እትዬ ጥሩነሽ የሚባሉ ሻይ ቤት ያላቸው ሴት ነበሩ። ለጠጪው ሁሉ እንዲያድሉልኝ ካርዴን በርከት አድርጌ ሰጠኋቸው። አንድ ቀን ሻይ ልጠጣ ብቀመጥ፣ ሁልጊዜ የሚወዛወዘው ጠረጴዛ ቀጥ ብሏል። ጎንበስ ብዬ ባይ ካርዶቼ ታጥፈው ከእግሩ ሥር ተወትፈዋል።

"እትዬ፣ ይሄ ምንድነው?"

"ውይ የኔ ልጅ፣ እንዴት ያለ ጥሩ ወረቀት መሰለሽ! ውሃ እንኳ አያርሰውም" አሉኝ፤ ደስ ብሏቸው።

ካርዶቼን እየጎተትኩ ሳወጣ ከፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ ትክ ብለው ያዩኛል። ረጅም፣ ከሲታ፣ ቁልፉ ያለቀ ካቦርት የለበሱ። ከካቦርቱ ውስጥ፣ ብብታቸው ሥር አንድ ነገር ጉብ ብሏል። ጥሩምባዋ ነች። ሻይ ሲጠጡ እንኳ አያስቀምጧትም። "ብርድ ከመታት ድምጿ ይሻክራል" ይላሉ፤ የራሳቸው ድምፅ ግን ከሻከረ ስንት ዘመኑ!

"አንቺ ነሽ መብራት የምትሠሪ?"

"አዎ፣ ነኝ።"

"የእድራችን ድንኳን ገመድ ይነዝራል። ባለፈው አንድ ልንቀብር ገብተን ሁለት ልንቀብር ነበር።"

ሳልወድ ሳቅኩ። ሄጄ አየሁት። ገመዱ እዚህም እዚያም ተቆርጦ በላስቲክ ታስሯል። ሰው አለመሞቱ የታቦቱ ሥራ ነው። ቀየርኩላቸው፣ አምፖል መስቀያውንም በደንብ አድርጌ ሠራሁት። ጋሽ ይርዳው ሲያዩኝ ቆይተው "አንቺ ኮረንቲ፣ ለምን እድራችን አትገቢም?" አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፣ ኮረንቲ ነኝ።

"እዚህ ዘመድ የለኝ ጋሼ። ማን ይሞትብኛል?"

"በይ ዝም በይ! እድር የሚገባ ሰው እንዲሞትበት ነው? ለመቀበር ብቻ አይደለም፣ ለመቅበር ነው። ሰው የሚያውቅሽ አብረሽው ስትቀብሪ ነው። ወረቀቱን ጠረጴዛ ያንብበው፤ አንቺ እግርሽን ይዘሽ ነይ።"

ገባሁ። እውነቱን ለመናገር የገባሁት ደንበኛ ላገኝ ነው። እሳቸውም ያውቃሉ፣ አልደበቅኳቸውም። "ሰው ቤቱን የሚያሳይሽ ሁለት ቀን ነው፤ ሲድርና ሲቀብር" አሉኝ። "ሠርግ ካልጠሩሽ አትሄጂም። ለቅሶ ግን ጠሪ የለው፣ ሰተት ብለሽ ነው። ታዲያ ለቅሶ ቤት ስለ ሥራ ትንፍሽ እንዳትይ! ድንኳኑን አብሪና አርፈሽ ተቀመጪ። የሚያይ ያይሻል።"

አብሬያቸው መዞር ጀመርኩ። የመዋጮ መልእክት ሲያደርሱ፣ ወንበር ሲያሰባስቡ፣ ሥራ ከሌለኝ እከተላለሁ። ሥራ ደግሞ አልነበረኝም። በየደጁ "ይቺ የሞላሌ ልጅ ናት፣ የኛው እድርተኛ ናት" ይሉና ዝም ይላሉ። መብራት የሚለውን ቃል አያነሱም። እኔ ከኋላ ሆኜ እንዲያነሱ እጎነትላቸዋለሁ፤ ክንዴን ይመቱኛል።

የሚገርመኝ ውሾቹ ናቸው። ጋሽ ይርዳው የሰውን ስም ቢሳሳቱ የውሻ ስም አይሳሳቱም። ከአጥሩ ሳይደርሱ "ቡሬ! ዳማ! ኧረ እኔ ነኝ!" ይላሉ፤ ውሻው ጭራውን እየቆላ ይመጣል። "ንጋት ላይ የሞት ወሬ ይዤ ስመጣ ባለቤቱ ሳይሰማኝ ውሻው ከበላኝ ምን ዋጋ አለው? ቤት ማወቅ ማለት በሩን ማወቅ አይደለም፣ ውሻውን ማወቅ ነው" ይሉኝ ነበር። እኔ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ውሻ እፈራለሁ። እጄን ይዘው እያስሸተቱ አላመዱኝ።

ስለ ጥሩምባዋ አንድ ነገር ልንገራችሁና ወደ ጉዴ ልግባ። አንድ ጊዜ ትልቅ ቤት ያላቸው ሰው ሞቱና ልጆቻቸው ከአዲስ አበባ መጡ። አንደኛው ጋሽ ይርዳውን ለብቻ ጠርቶ "የአባቴን ረዘም አድርገህ ንፋልኝ" አላቸው። ጋሽ ይርዳው ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። "የኔ ጌታ፣ ትንፋሼ አንድ ናት። አባትህ ከደሃዋ ከወይዘሮ ጥጊቱ እኩል ነው የሚነፋላቸው፤ እሳቸውም ቢሆኑ አይከፋቸውም" አሉት። እኩል ነፉ። ለእያንዳንዱ እድርተኛ ያቺ ትንፋሽ የመጨረሻ መብቱ ነበረች። ድሃም ይሁን ሀብታም፣ ሲሞት ከተማው በስሙ ይነቃል። ይሄንን ያዙልኝ።

ሥራው ግን እምቢ አለ። የድንኳኑን መብራት እሰቅላለሁ፣ እነቅላለሁ፣ ሰው "እግዜር ይስጥሽ" ይለኛል፣ ቤቱን ሲያሠራ ግን ሌላ ይጠራል። አንድ ሰውዬ ብቻ፣ ከመናኸሪያው በላይ ቤት የሚገነባ፣ "ጣሪያው ይመታ እንጂ አንቺ ትሠሪልኛለሽ" ብሎኝ ነበር። በሱ ተስፋ ቆይቼ ቆይቼ ልቤ ደከመ። ግንቦት እያለቀ ነበር። እትዬ ጥሩነሽ ቤት ቁጭ ብለን ለጋሽ ይርዳው ነገርኳቸው።

"ጋሼ፣ ሰኔ ሳይገባ ሱቁን መልሼ ደብረ ብርሃን እገባለሁ።"

"ለዚያ ለሳቀብሽ ሰውዬ?"

"እና ምን ላድርግ? ሰውን አስገድጄ ቤቱን ላብራለት?"

ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ወጡ። ጥሩምባዋን በካቦርቱ ላይ ዳበስ ሲያደርጓት አይቻለሁ፤ አልጠረጠርኩም እንጂ።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ጥሩምባ ሰማሁ። የንጋቱ ጭጋግ መሬቱን አመድ አስመስሎታል። "ደግሞ ማን ሞተ?" ብዬ ጋቢዬን ተከናንቤ ደጅ ወጣሁ፤ ጥርሴን እየፋቅኩ። የጋሽ ይርዳው ድምፅ ከመንገዱ ማዶ መጣ።

"የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የሺ! የመብራት ሠራተኛዋ የሺ!"

ክው አልኩ። መፋቂያዬ ከአፌ ወደቀ። ሰው የራሱን ሞት ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም፤ እኔ ደረቴን ዳበስኩ። ሴቶቹ ቀጣዩን መቼ ጠበቁ! ስሜ ከመጠራቱ ኡኡታው ቀለጠ። እትዬ ጥሩነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ "የኔ አበባ! ዘመድ የሌላት ልጄ! ያ ኮረንቲ በላት!" እያሉ ወደ ሱቄ ይሮጣሉ። በሩ ላይ ቆሜ ሲያገኙኝ ቀጥ አሉ። ከዚያ እንደ ጉድ ጮኹ።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ጋሽ ይርዳው ከወዲያ እየለፈፉ ነው። "ሥራ አጥታ ልትሄድብን ነው! ቤት የምታሠራ፣ መስመር የምታስዘረጋ፣ ሳትሄድ ድረስላት! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!" ሰው ግን አልሰማቸውም። ሰው የሚያየው እኔን ነው። ከየአቅጣጫው በጋቢው እንደተጠቀለለ መጥቶ ከቦኛል። አንዷ ክንዴን ቆንጥጣ አየችኝ። ምን ይዋጠኝ? መሬት ብትከፈት ሳላመነታ እገባ ነበር።

እንግዲህ ለመንዝ ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም። የእድር ጥሩምባ ለሞት እንጂ ለሌላ ነገር አይነፋም፤ ያለ ሞት የተነፋች ጥሩምባ ባዶዋን አትመለስም ይባላል። ሰው ትወስዳለች። በሕይወት እያለሁ ስሜ ተጠርቷል። እኩለ ቀን ሳይደርስ ከመናኸሪያው በላይ ቤት የሚሠራው ሰውዬ መጣ። ሱቄ ውስጥ እንኳ አልገባም። ከደጅ ቆሞ "ልጄ፣ አትቀየሚኝ። ሚስቴ ፈራች። አዲስ ቤት ነው፣ ሟርት አስገብቼ እንዴት አድራለሁ?" አለኝ። ያቺ አንዲቱ ተስፋዬም ሄደች። ሴቶች በሱቄ በር ላለማለፍ መንገድ ይሻገሩ ጀመር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው።

ጋሽ ይርዳውን ያገኘኋቸው ከድንኳን ማስቀመጫው ነው። ተናድጄ ነበር፣ በጣም። "ጋሼ፣ ገደሉኝ እኮ! በቁሜ ቀበሩኝ!" አልኳቸው። የድንኳን ገመድ እየጠቀለሉ ነበር፣ አላቋረጡም።

"ሰው ከጎደለ በኋላ ስነፋ ኖርኩ" አሉ። "አንዴ ከመጉደሉ በፊት ብነፋ ምናለበት ብዬ ነው።"

ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። አለቀስኩ። እሳቸውም ገመዱን አስቀመጡና "በይ ተይ፣ እኔው አፈሰስኩት፣ እኔው እለቅማለሁ" አሉኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እድሩ ተሰበሰበ። የእድሩ ዳኛ አቶ መኩሪያ ይባላሉ፤ የጋሽ ይርዳው የልጅነት ባልንጀራ ናቸው፣ ግን ለሥርዓት ወንድማቸውን የማያዩ ሰው። ሰው ሁሉ ይናገራል። አንዱ ይቀጣ ይላል፣ ሌላው ጥሩምባዋን ይነጠቅ ይላል። አንዲት አሮጊት ተነሥተው "እኔ የምለው፣ አሁን ያቺ ጥሩምባ ማንን ነው የምትወስድ? ልጅቷን ነው ወይስ ከኛ ቤት?" ብለው ጠየቁ። የሁሉም ፍርሃት እሱ ነበር፤ አውጥቶ የተናገረ ግን አልነበረም። ሁሉም ወደኔ ዞሮ አየኝ። እኔ እግሬን አያለሁ።

አቶ መኩሪያ "ይርዳው፣ ለዚህ ምን መልስ አለህ?" አሉ።

ጋሽ ይርዳው ተነሡ። ጥሩምባዋን ከካቦርታቸው አወጡና ከዳኛው ፊት አስቀመጧት። ከእጃቸው ወጥታ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት ያኔ ነው።

"ጥሩምባ ባዶዋን አትመለስም አላችሁ። ይሁን። እንግዲያው ስም ካስፈለጋት የኔን ትውሰድ" አሉ። "ያን ዕለት የተነፋችው ለኔ ነው። ለኔ ተነፋች በሉና ዝጉት። ስሞት እንዳትነፉልኝ፤ የኔን አስቀድሜ ተጠቅሜአለሁ። ልጅቷ ላይ ምንም የለም።"

ያቺ አሮጊት አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እዚያ የተቀመጠ ሰው ሁሉ አባቱ፣ እናቱ፣ ልጁ በዚያ ትንፋሽ ተሸኝቷል። እሳቸው ደግሞ ልጅ የላቸው፣ ሚስታቸው ቀድመዋቸዋል። ሰው እንዳልሞተ ሆኖ የሚሞተውን ሞት ነው የለመኑት፤ ማንም ሳይሰማ።

"ይርዳው፣ ይሄ ቃል ነው" አሉ አቶ መኩሪያ፤ ድምፃቸው ተለውጧል። "ካልን በኋላ አንመልሰውም።"

"መልሱት አልኩ?"

"ለማታውቃት ልጅ?"

"ማን ነው የማያውቃት? ድንኳናችሁን የምታበራ ማን ነች? ሰው ለማወቅ ሁሌ ዘመዱን ትጠይቃላችሁ። በሉ፣ ዘመዷ እኔ ነኝ። ዋሷ እኔ ነኝ።"

አቶ መኩሪያ ዙሪያውን አዩ፤ የተቃወመ የለም። ቃሉ ጸና። ጥሩምባዋን አንሥተው መልሰው ሰጧቸው። ጋሽ ይርዳውም ብብታቸው ሥር አስገቧትና ወንበር መደርደር ጀመሩ፤ ምንም እንዳልተፈጠረ። ያን ቀን ያለቀስኩትን ልቅሶ እናቴ ስትሞት ብቻ ነው ዳግመኛ ያለቀስኩት።

ሰኞ ጠዋት ሱቄን እየጠረግኩ አቶ መኩሪያ መጡ። በከዘራቸው መድረኩን መታ መታ አደረጉ።

"ልጄ የሚኖርበት አንድ ቤት እያሠራሁ ነው። መስመር ትዘረጊልኛለሽ።"

"አይፈሩም?" አልኳቸው። ምላሴ መቼ ያርፋል!

"ሰው በሬ ሲያሲዝ፣ መሬት ሲያሲዝ አይቻለሁ። ቀብሩን አሲዞ ዋስ የሆነ አላየሁም። ለምን እንዳደረገው ሥራሽን አይቼ ልወቅ።"

እንደዚያ ቤት ተጠንቅቄ የሠራሁት የለም። አቶ መኩሪያ ሥራው እስኪያልቅ ከአጠገቤ አልጠፉም። መሰላሉ ላይ ስወጣ ከዘራቸውን ጥለው በሁለት እጃቸው ይይዙልኛል፤ የእድሩ ዳኛ! መንገደኛው ቆሞ ያያል። አብርቼ ስጨርስ ማብሪያውን እንደ ሕፃን እየደጋገሙ አበሩት፣ አጠፉት። ከዚያ ሰው ሁሉ "የመኩሪያን ቤት መብራት ማን ሠራው?" ማለት ጀመረ። ያ ሚስቱ የፈራችበት ሰውዬ እንኳ ተመልሶ መጣ፤ ትንሽ አጉላላሁት፣ ግን ሠራሁለት። ሰኔ ገባ፣ ሐምሌ ገባ፣ ደብረ ብርሃንንም ረሳሁት። ካርድ ዳግመኛ አላሳተምኩም።

ለጋሽ ይርዳው የሠራሁላቸው ነገር ቢኖር የቤታቸውን መብራት ነው። አንዲት ክፍል ናት፣ ከጎረቤት በተጎተተ ሽቦ የሚንጠለጠል አንድ አምፖል ነበራት። ሁሉን አፍርሼ አዲስ ዘረጋሁ። አበራሁና ምን ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ። ግድግዳውን አዩ፣ ጣሪያውን አዩ፣ ጥግ ያለውን የሸረሪት ድር አዩ።

"መብራቱስ ጥሩ ነው" አሉ። "ቤቱን ግን አጋለጥሽው።"

አመስግነውኝ አያውቁም፣ እኔም እንዳመሰግናቸው አይፈቅዱም። ስለዚያ እሑድ ላነሣ ስል "ኮረንቲ፣ ሻይሽ ቀዘቀዘ" ይሉኛል። ጥሩምባዋንም ጉልበታቸው እስኪደክም ነፉ። ሌላ ሰው ሲሞት በንጋት ድምፃቸውን ስሰማ ሁልጊዜ ተነሥቼ ደጅ እቆም ነበር፤ የራሳቸው እንደማይነፋ አውቃለሁና። በኋላ ጥሩምባዋን ለጎልማሳ ተኪ አስረከቡ። ብብታቸው ሥር ግን እጃቸውን ማድረግ አልተዉም።

የሞቱ ጊዜ ዘመሮ የምትባል ከተማ ነበርኩ፣ የአንድ ሱቅ መስመር ስዘረጋ። ጠዋት ስልኬ ጮኸ፤ እትዬ ጥሩነሽ ናቸው። "የሺዬ፣ ጋሽ ይርዳው ማታ በተኙበት አረፉ። ቀብሩ በዘጠኝ ሰዓት ነው" አሉና ማልቀስ ጀመሩ። መሣሪያዬን እዚያው ጥዬ በተገኘው ሚኒባስ መጣሁ።

ድንኳኑ ተተክሏል፤ ሰው ግን ጥቂት ነው። አቶ መኩሪያ አርጅተዋል፣ ከዘራው ባይኖር አይቆሙም። አዲሱ ለፋፊ ጥሩምባዋን ይዞ ከፊታቸው ቆሟል።

"ምን ይጠበቃል? ይነፋ እንጂ!" አልኩ።

"ቃል ተቀብለናል የሺ።"

"ያንን ዛሬ ማን ያስታውሰዋል?"

"እሱ" አሉ አቶ መኩሪያ። እንባቸው በጢማቸው ላይ ይወርዳል። "ብነፋለት ደስ ባለኝ፣ ወንድሜ ነው። ግን ያኔ ለአንቺ ያሲያዘውን ዛሬ ባፈርስበት ዋስነቱን ውሸት ማድረጌ ነው። አላደርገውም።"

እውነታቸውን ነው። ዞር ብዬ ድንኳኑን አየሁ። ያ ሁሉ ወንበር ባዶ ነው። ልጅ የለ፣ ዘመድ የለ፣ ጥሩምባ የለ። ከዚያ መሄድ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የገባሁት ከመናኸሪያው በላይ ያለው ሰውዬ ቤት ነው። "ቡሬ፣ እኔ ነኝ" አልኩ፤ ውሻው ዝም አለ። ሰውዬው ሲያየኝ ደነገጠ። "የሺ! ምን ተበላሸ?" አለኝ፤ መብራቱን ላይ የመጣሁ መስሎታል።

"የተበላሸ የለም። ጋሽ ይርዳው አርፈው ነው። በዘጠኝ ሰዓት ነው ቀብሩ። ለጎረቤት ይንገሩልኝ።"

ቀጥሎ ያለው ቤት ገባሁ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው። መስመር የዘረጋሁበትን በር ሁሉ አንኳኳሁ፤ አንድ ማብሪያ የቀየርኩለት እንኳ አልቀረኝም። ለካ ብዙ ነው! ስሠራ ቆጥሬው አላውቅም። በየደጁ "ምን ተበላሸ?" ይሉኛል፣ እነግራቸዋለሁ፣ ነጠላቸውን ይይዛሉ። ከኋላዬ ሰው ከየቤቱ እየወጣ ወደ ድንኳኑ ሲወርድ ይሰማኛል፤ ዞሬ አላይም፣ እግሬን አያለሁ።

የላይ ሰፈር መጨረሻ ቤት አንድ ጆሯቸው የደከመ ሽማግሌ አሉ። ፀሐይ እየሞቁ ደጅ ተቀምጠዋል። ጆሯቸው ሥር ጎንበስ ብዬ ነገርኳቸው። በከዘራቸው ተደግፈው ብድግ አሉና ተቆጡኝ።

"ይርዳው ሞቶ? ታዲያ ጥሩምባ አልሰማሁም እኮ! እንዲህ ደነቆርኩ?"

"ጆሮዎ ደህና ነው አባባ። ጥሩምባቸውን ለእኔ ሰጥተውኝ ነው።"

ትክ ብለው አዩኝ። ያን እሑድ እሳቸውም ከተቀመጡት መሐል ነበሩ። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ።

"በይ እንግዲያው ምን ያቆምሻል?" አሉኝ። "የታች ሰፈር ሰው ገና አልሰማም።"